በአሜሪካ አክሲዮን፣ በጀርመን ባንክ፣ በአዲስ አበባ ቤት፦ የቤተሰብ ሀብት በየአገሩ ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ይኖራል፤ ቁጠባውን በሙሉ ማለት ይቻላል የያዘው በአክሲዮን ፈንድ ነው። እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ጀርመኖች ግን ገንዘባቸውን ባንክ ነው የሚያስቀምጡት፤ እኔም እንደነሱ ሆኛለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ወላጆቻችን ያላቸው የሚኖሩበት ቤት፣ አንድ የሚያከራዩት ኮንዶሚኒየምና ትንሽ ወርቅ ነው። ወንድሜ ኮንዶሚኒየሙን ሸጠው የባንክና የቴሌኮም አክሲዮን እንዲገዙ ይወተውታቸዋል። ልዩነቱ የሕዝብ ባሕርይ ነው ወይስ አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ነው? ወላጆቻችንስ ምን ቢያደርጉ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ጀርመናዊው ፈሪ፣ አሜሪካዊው ደፋር፣ የእኛ ሰው ደግሞ ቤት ወዳድ ስለሆነ አይደለም። የአንድ ተራ ቤተሰብ ሀብት የሚይዘውን መልክ በአብዛኛው የሚወስኑት ቤተሰቡ ያልመረጣቸው ነገሮች ናቸው፤ ጡረታውን ማን እንደሚከፍለው፣ ለቤት መግዣ የሚያበድር መኖር አለመኖሩ፣ ባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ የዋጋ ንረት መብላት አለመብላቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከደመወዙ ላይ እጁ ሳይገባ የሚቆረጠው ገንዘብ የት እንደሚሄድ። ይህንን በጥቂት አገሮች አሳይቼ ወደ ወላጆችዎ ጉዳይ እመለሳለሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ አኃዞቹ አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፤ በዚህ ርዕስ የሚነሱ ብዙ ክርክሮች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። በብዛት የሚጠቀሱት ቁጥሮች የሚለኩት ተቀማጭን፣ አክሲዮንን፣ ቦንድን፣ መድንንና የጡረታ መብትን ብቻ ነው፤ ቤት፣ መሬት፣ ወርቅና ከብት አይገቡበትም። የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ በሚያወጣው ንጽጽር መሠረት በማርች 2023 ከዚህ ዓይነቱ የቤተሰብ ሀብት ውስጥ ጥሬ ገንዘብና የባንክ ተቀማጭ በጃፓን 54 በመቶ፣ በዩሮ ተጠቃሚ አገሮች 35 በመቶ ገደማ፣ በአሜሪካ ደግሞ 13 በመቶ ያህል ነበር። አክሲዮንና የድርጅት ድርሻ በአንጻሩ በአሜሪካ 39፣ በዩሮ አገሮች 21፣ በጃፓን 11 በመቶ ነበር። ልዩነቱ በእርግጥም ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ የአገር ድምሮች ስለሆኑ የሀብታሙን ይዞታ እንጂ የተራውን ቤተሰብ ኑሮ አያሳዩም። በአሜሪካ በቤተሰቦች እጅ ካለው አክሲዮን ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉን የያዙት ከላይ ያሉት 10 በመቶ ሀብታሞች ናቸው፤ ለመካከለኛው አሜሪካዊ ቤተሰብ ዛሬም ትልቁ ሀብት የሚኖርበት ቤት ነው። ስለዚህ ወንድምዎና ወላጆችዎ መጀመሪያ ላይ እንደሚመስለው በጣም የተራራቁ አይደሉም።

አሜሪካዊው ሠራተኛ አክሲዮን ውስጥ የገባበት መንገድ በደንብ መታየት አለበት። በተለምዶ ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ የተወለደው በ1978 ከወጣ የግብር ሕግ አንድ አንቀጽ ነው። ከዚያ በፊት ትልልቅ ኩባንያዎች ለጡረተኞቻቸው የተወሰነ ወርኃዊ ክፍያ ለመክፈል ራሳቸው ቃል ይገቡ ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ያንን ኃላፊነት ቀስ በቀስ ወደ ሠራተኛው አዛወሩት። በ2006 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ አሠሪዎች ሠራተኛውን ሳይጠይቁ በዕቅዱ ውስጥ እንዲያስገቡት በሩን ከፈተ፤ የማይፈልግ ራሱ ይወጣል። ያልመረጠ ሰው ገንዘብ በጡረታ መውጫው ዓመት ልክ ወደተዘጋጀ ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ በብዙ ኩባንያዎች ላይ ወደሚውልበት ቋት ይገባል፤ ይህ ፈንድ ደግሞ ለወጣት ሠራተኛ በአብዛኛው አክሲዮን ነው። በ2022 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ባደረገው ጥናት ከአሜሪካ ቤተሰቦች 58 በመቶ የሚሆኑት በሆነ መንገድ አክሲዮን ነበራቸው፤ ራሳቸው በስማቸው አክሲዮን የገዙት ግን 21 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የጡረታ ዕቅዱና የፈንዶቹ ሥራ ነው። ወንድምዎ ደፍሮ ባለአክሲዮን የሆነ ቢመስለውም፣ ምናልባት የመጀመሪያውን አክሲዮን የገዛለት ሥራ በጀመረበት ሳምንት የፈረመው የአሠሪው ቅጽ ሊሆን ይችላል።

ይህንን ነጥብ ይበልጥ ግልጽ የሚያደርግልኝ ሦስት አገሮችን ጎን ለጎን ማየት ነው። በጀርመን ከደመወዝ ለመንግሥት ጡረታ የሚከፈለው 18.6 በመቶ ነው፤ ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን አሠሪዎ ይከፍላሉ። በስዊድን ለጡረታ የሚመዘገበው 18.5 በመቶ ነው። በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11፣ በድምሩ 18 በመቶ ይከፍላሉ። ሦስቱ መዋጮዎች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚሄዱበት ቦታ ግን ፈጽሞ ይለያያል። የጀርመኑ ገንዘብ በዚያው ወር ለዛሬ ጡረተኞች ይከፈላል፤ ስለዚህ በእርስዎ ስም የተከማቸ ሀብት ሆኖ የትም አይመዘገብም። የስዊድኑ 16 በመቶ በተመሳሳይ መንገድ ሲያልፍ ቀሪው 2.5 በመቶ ግን በሠራተኛው ስም ወደ ፈንድ ይገባል፤ ፈንድ ላልመረጠ ሰው የመንግሥቱ ተቋም ኤፒ ሰባት ሠራተኛው 55 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ገንዘቡን በሙሉ በዓለም አክሲዮኖች ላይ ያውለዋል። የኢትዮጵያው ደግሞ ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ሲውል ቆይቷል። ስቶክሆልም ያለው የአውቶቡስ ሾፌር ስለ አክሲዮን አንድ ቀን እንኳ ሳያስብ ባለአክሲዮን ይሆናል፤ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባው ደግሞ ሳያውቅ የመንግሥት አበዳሪ ነው። አውስትራሊያ ከ1992 ጀምሮ በአሠሪው ላይ የጣለችው የግዴታ ቁጠባም እንዲሁ ነው፤ በ3 በመቶ ተጀምሮ በጁላይ 2025 ወደ 12 በመቶ ያደገው ይህ መዋጮ አብዛኛውን ሠራተኛ በጡረታ ፈንዱ በኩል የአክሲዮን ገበያ ተካፋይ አድርጎታል።

አሁን ስለ ባልደረቦችዎ። በ2013 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የቤተሰቦችን ሀብት የሚመለከት የመጀመሪያ ጥናቱን ሲያወጣ ብዙዎችን ያስገረመ ውጤት ታየ፤ የመካከለኛው ጀርመናዊ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 51,000 ዩሮ ገደማ ሲሆን የጣሊያኑ ከ170,000፣ የስፔኑ ከ180,000 ዩሮ በላይ ነበር። ጀርመን ከእነሱ ደሃ ሆና አይደለም። ከጀርመኖች ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ ናቸው በራሳቸው ቤት የሚኖሩት፤ ተከራይ በሕግ በደንብ ስለሚጠበቅ ዕድሜ ልክ ተከራይቶ መኖር እዚያ የችግር ምልክት አይደለም። በተጨማሪም አሁን እንዳልኩት ዋነኛው ጡረታቸው በሀብት መዝገብ ላይ አይታይም። ቤቱን ያከራየው ሌላ፣ ጡረታውን የሚከፍለው መንግሥት ከሆነ፣ ለተራው ጀርመናዊ በእጁ የሚቀረው ለክፉ ቀን የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ባንክ ተገቢ ቦታ ነው። አክሲዮንን በተመለከተም መጥፎ ትዝታ አለ። በ1996 መንግሥት የዶይቸ ቴሌኮምን አክሲዮን «የሕዝብ አክሲዮን» ብሎ በሰፊ ማስታወቂያ ሸጠ፤ በ2000 በሦስተኛው ዙር 66 ዩሮ ገደማ ከፍለው የገዙ ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ አክሲዮናቸው ከ10 ዩሮ በታች ሲወርድ አዩ። ለብዙ ቤተሰብ ያ የመጀመሪያው አክሲዮን ነበር፤ ለብዙዎቹም የመጨረሻው ሆነ።

የጃፓን ታሪክ በዚህ ይመሳሰላል፤ ብቻ ጠባሳው ይበልጥ ጥልቅ ነው። የቶኪዮው የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ኒኬይ በዲሴምበር 1989 መጨረሻ 38,915 ደርሶ ወደቀ፤ ያንን ከፍታ መልሶ ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ማለት የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ውስጥ ደግሞ የዕቃ ዋጋ ለረጅም ጊዜ ወይ ባለበት ቆመ ወይ ቀነሰ፤ ስለዚህ ወለድ የማይከፍል የባንክ ሒሳብ እንኳ የመግዛት አቅሙን ይዞ ይቆይ ነበር። ጃፓናዊው ገንዘቡን ባንክ በማስቀመጡ «አላዋቂ» የሚሉትን ጸሐፊዎች በፍጹም አልስማማባቸውም፤ በነበረበት ሁኔታ ትክክል ነበር። አሁን ዋጋ መጨመር ሲጀምርና መንግሥትም በጃንዋሪ 2024 ኒሳ የሚባለውን ከግብር ነጻ የመዋዕለ ንዋይ ሒሳብ ጣሪያ በዓመት እስከ 3.6 ሚሊዮን የን ሲያሳድገው፣ ወጣት ጃፓናውያን ወደ ዓለም አቀፍ አክሲዮን ፈንዶች መግባት ጀምረዋል። ሕዝቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ሁኔታው ነው።

በቻይና መልኩ ይገለበጣል። በ2019 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ባደረገው የከተማ ቤተሰቦች ጥናት ቤት ያላቸው 96 በመቶ ነበሩ፤ ከጠቅላላ ሀብታቸውም 59 በመቶው መኖሪያ ቤት ነበር። እስከ 1998 ድረስ ቤት የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነበር፤ በዚያ ዓመት መንግሥት ዕደላውን አቁሞ ገበያውን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል የቤት ዋጋ ሲጨምር፣ የባንክ ወለድ በመንግሥት ተወስኖ ዝቅ ብሎ ሲቆይ፣ ገንዘብ ወደ ውጭ ማውጣትም በሰው በዓመት በ50,000 ዶላር ሲገደብ፣ ቁጠባው ከቤት ሌላ የሚገባበት በር ጠባብ ነበር። በዚህ ላይም የልጅ ትምህርት ቤትና ጋብቻ ከቤት ባለቤትነት ጋር ተያያዙ። ከ2021 ጀምሮ ግን ኤቨርግራንዴን የመሳሰሉ ግዙፍ አልሚዎች ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው የቤት ዋጋ ሲወርድ፣ ሀብቱን በሙሉ በአንድ አፓርታማ የያዘው ቤተሰብ ምን ያህል እንደተጋለጠ ታየ፤ አዲሱ ቁጠባም ወደ ባንክ ተመለሰ። ይህን የቻይና ጉዳይ ያሰፋሁት ያለምክንያት አይደለም፤ ለአዲስ አበባ ትምህርት አለው።

ሕንድ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ናት። በ2017 ታሩን ራማዶራይ የመሩት የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ኮሚቴ ባቀረበው ሪፖርት የአማካዩ ሕንዳዊ ቤተሰብ ሀብት 77 በመቶው መሬትና ቤት፣ 11 በመቶው ወርቅ፣ 7 በመቶው ሌላ የሚበረክት ዕቃ ሲሆን፣ ባንክን፣ አክሲዮንን፣ ጡረታንና መድንን በአንድ ላይ ያቀፈው ክፍል 5 በመቶ ብቻ ነበር። ወርቁ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሙሽራዋ ይዛው የምትገባ የራሷ ሀብት ነው፤ ሰብል ሲጠፋ ወይም ሰው ሲታመም አስይዘው በዚያው ቀን ብር የሚበደሩበት ዋስትናም ነው። ያም ሆኖ መንገዱ ሲቃና ሰው ይሄድበታል፤ መታወቂያ፣ የባንክ ሒሳብና ስልክ በአንድ ሥርዓት ሲያያዙ የአክሲዮን ሒሳቦች ቁጥር በማርች 2020 ከነበረበት 41 ሚሊዮን ገደማ በማርች 2024 ከ150 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ብዙዎቹ በወር ጥቂት መቶ ሩፒ ብቻ በፈንድ የሚያስቀምጡ ናቸው።

በቱርክ ሰው ወርቅና ዶላር የሚይዘው ሊራው ስለማይታመን ነው፤ በኦክቶበር 2022 የዋጋ ንረቱ ከ85 በመቶ አልፎ ነበር። አርጀንቲናዊው ዶላሩን ቤቱ የሚደብቀው ደግሞ በዲሴምበር 2001 መንግሥት የባንክ ሒሳቦችን ዘግቶ በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ ማውጣትን ስለከለከለ፣ ቀጥሎም የዶላር ተቀማጮችን በግድ ወደ ፔሶ ስለለወጠ ነው። በእነዚህ አገሮች ወጣቱ ትውልድ እንኳ ወላጆቹ የደረሰባቸውን አይረሳም።

እንግዲህ የእርስዎ ወላጆች በዚህ ሁሉ መካከል ምን ሲያደርጉ ኖረዋል? በ1975 ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ ሲወረስ የነበሩ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ ሰዎች ናቸው፤ ያም ሆኖ ቤትን መረጡ፣ ሌላው አማራጭ ከዚያ የባሰ ስለነበረ። ከ2017 ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ባንክ የገባ 100,000 ብር በዓመቱ መጨረሻ 107,000 ሆነ፤ ያንኑ የቤት አስቤዛ ለመግዛት ግን ከ130,000 በላይ ያስፈልግ ነበር። በጁላይ 2024 መጨረሻ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህንን ያየ ሰው ብሩን በብሎኬትና በወርቅ ለውጦ መያዙ ጥበብ ነው እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም። የባንክ የቤት ብድር ለአብዛኛው ሰው በማይደረስበት አገር የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ የሚሞላው ብዙ ጊዜ ዕቁብ ነው፤ ለሕመምና ለሐዘን የሚደርሰው ደግሞ ዕድር ነው። በባንክ መዝገብ ላይ የማይታየው ይህ ክፍል ለብዙ ቤተሰብ ከሚታየው ይበልጣል።

ወደ ወንድምዎ ምክር ልምጣ። ምክሩ ሜሪላንድ ላይ የሚሠራው ከሥሩ ብዙ ድጋፍ ስላለው ነው፤ አሠሪው ይጨምርለታል፣ ግብሩ ይዘገይለታል፣ ፈንዱ በሺህ በሚቆጠሩ ኩባንያዎች ላይ ተበትኗል፣ መሸጥ ሲፈልግም በደቂቃ ይሸጣል። አዲስ አበባ ላይ ከእነዚህ አብዛኞቹ ገና የሉም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሮ ወጋገን ባንክን በመጀመሪያነት መዝግቧል፤ ይህ በእውነት የሚያስደስት ጅምር ነው፤ ነገር ግን የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ባንኮች ስለሆኑ አንዱን የጎዳ ነገር ሌላውንም ይጎዳል። የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ በ300 ብር የአክሲዮን ዋጋ ሲቀርብ ከ100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ገዢዎቹም ወደ 47,000 ሰዎች ናቸው። መጥፎ ኩባንያ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ የ70 ዓመት ሰው ለመድኃኒት ገንዘብ ሲፈልግ በዚያው ሳምንት ሸጦ ሊወጣ የሚችልበት ገበያ ገና አልጎለመሰም ማለቴ ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ለወላጆችዎ ከዋጋ ጋር አብሮ የሚሄድ ጡረታ ነው፤ የመንግሥት ጡረታ ካላቸውም ከዚያ ይበልጥ የሚያቆማቸው እሱ ሊሆን ይችላል። ሸጠው ለአክሲዮን ቢያውሉት ወርኃዊው ገቢ በዓመት አንድ ጊዜ በጠቅላላ ጉባኤ በሚወሰን የትርፍ ድርሻ ይተካል። ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይሽጡ። ቤት ግን እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሀብቱ በሙሉ በአንድ ከተማና በአንድ ዓይነት ንብረት ላይ ነው፤ የቻይና ቤተሰቦች የተጎዱት በዚሁ ነው። ቤት ተቆርሶ አይሸጥም፤ በ2024 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በመንግሥት በሚወሰን ልክ እንዲደረግ ስላዘዘ፣ ኪራዩ እንደ ቀድሞው ከዋጋ ንረቱ ጋር እኩል ላይራመድ ይችላል። እኔ የምመክረው ይህ ነው፤ የስድስት ወር ወጪያቸው በባንክ በእጃቸው ይሁን፤ ሌላ ተጨማሪ ቤት ከመግዛት ይቆጠቡ፤ አክሲዮን መሞከር ከፈለጉም ቤቱ ሳይነካ ከኪራዩ በሚተርፈው፣ ለዓመታት በማይፈልጉት ገንዘብ ይሁን።

ከዚህ በላይ ግን የሦስታችሁን ሀብት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብታዩት እወዳለሁ። ወንድምዎ ጋ በዶላር የተያዘ የዓለም አክሲዮን አለ፤ ወላጆችዎ ጋ በብር ኪራይ የሚያስገባ ቤትና ወርቅ አለ፤ እርስዎ ጋ በዩሮ የሚከፈል የመንግሥት ጡረታ መብትና የባንክ ተቀማጭ አለ። እንደ አንድ ቤተሰብ ስትታዩ የብዙ ባለሙያ ደንበኞች የማያገኙት ስብጥር አላችሁ፤ ብሩ ሲወርድ ከውጭ የምትልኩት ይበልጥ ይገዛል፣ የውጭ አክሲዮን ሲወድቅም ኪራዩ አይቋረጥም። ወላጆችዎ አክሲዮን የሚያስፈልጋቸው ቢሆን እንኳ ልጃቸው ይዞላቸዋል።

በዚህ ወረቀት ላይ የሚያሳስበኝ ክፍል የእርስዎ ነው። ባልደረቦችዎ ገንዘባቸውን ባንክ የሚያስቀምጡት ገና በወጣትነታቸው ሥራ ጀምረው አርባ ዓመት ያህል ጡረታ ስለሚከፍሉና አንዳንዶቹም የወላጅ ቤት ስለሚወርሱ ነው፤ በጎልማሳነት የመጣ ሰው የሚከፍልባቸው ዓመታት ያነሱ ስለሆኑ የጀርመን ጡረታው ቀጭን ይሆናል። ስለዚህ የእነሱን ልማድ ብቻውን አይውሰዱ። በጀርመን ሕግ ከደመወዝዎ ቀንሰው በአሠሪው በኩል ለጡረታ የመቆጠብ መብት አለዎት፤ ከዚህ የተነሣ አሠሪው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የሚቀንስለት ከሆነ በእርስዎ ቁጠባ ላይ 15 በመቶ እንዲጨምር ይገደዳል፤ ከ2022 ጀምሮ ይህ ለአሮጌ ውሎችም ይሠራል። የሠራተኛ አስተዳደሩን ውሉን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከመፈረምዎ በፊት በየዓመቱ የሚቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ ይዩ፤ ከፍተኛ ከሆነ ጭማሪውን ይበላዋል። ወደ አገር ቤት የመመለስ ሐሳብ ካለዎት ደግሞ በመንግሥት ጡረታው ቢያንስ አምስት ዓመት መዋጮ የከፈለ ሰው ዕድሜው ሲደርስ ከጀርመን ውጭ ሆኖም ጡረታውን ማግኘት ስለሚችል፣ የከፈሉባቸው ወራት በትክክል መመዝገባቸውን የጡረታ መድን መሥሪያ ቤቱ በሚልክልዎ መግለጫ ላይ አሁኑኑ ያረጋግጡ።